የክራር ቅኝት በቁጥር፦ በአሮጌ የድምፅ ቺፕ ላይ የተሠራ ሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 11

ከአዲስ አበባ በዘመድ እጅ የተላኩልኝ ሁለት ባለ 40 እግር ቺፖች ዛሬ ጅማ ደረሱ። በጥቁር ስፖንጅ ላይ ተሰክተው ስለመጡ አንድም እግር አልተጣመመም። ጀርባቸው ላይ ኤዋይ-3-8910 የሚል ጽሑፍ በነጭ ቀለም ታትሟል፤ ጽሑፉ ግን ለዚህ ዕድሜ ቺፕ ከሚገባው በላይ አዲስ መስሎ ታይቶኛል። በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ዕድሜውን የማይመስል አይሲ ሲያይ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ለጊዜው ጥርጣሬዬን እዚህ ጽፌ አልፋለሁ።

ቺፑን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ጀኔራል ኢንስትሩመንት ነው። ያማሃም በፈቃድ ዋይኤም2149 በሚል ስም ሠርቶታል። በ1980ዎቹ በኤምኤስኤክስ፣ በአምስትራድ ሲፒሲ፣ በዜድኤክስ ስፔክትረም 128 እና በአታሪ ኤስቲ ኮምፒውተሮች ውስጥ ዜማ ሲያወጡ የኖሩት የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በውስጡ ካሬ ሞገድ የሚያወጡ ሦስት ድምፆች፣ ለሦስቱም የጋራ የሆነ አንድ የኖይዝ (የሽሽታ ድምፅ) ማመንጫ፣ እንዲሁም የድምፅን መጠን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ አንድ ኤንቨሎፕ አለው። ይህ ሁሉ የሚታዘዘው ከ0 እስከ 13 በተቆጠሩ ሬጅስተሮች፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ባሉ ትናንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎች፣ ውስጥ ቁጥር በመጻፍ ብቻ ነው።

ፍላጎቴ ግልጽ ነው። ለዚህ ቺፕ የሚዘጋጁ የሙዚቃ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የፒያኖን ኖታዎች በሰንጠረዥ ይዘው ይመጣሉ፤ ቺፑ ራሱ ግን ፒያኖ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የክሎኩን፣ ማለትም ሥራውን የሚመራለትን ቋሚ የኤሌክትሪክ ምት፣ ፍጥነት ለ16 ማካፈልን፣ ውጤቱንም በሬጅስተሩ ውስጥ ላገኘው ቁጥር ማካፈልን ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 4095 ሊሆን ስለሚችል፣ ከፒያኖ ሰንጠረዥ ይልቅ የአንድን ክራር ቅኝት እንዳለ በቁጥር መጻፍ ይቻል እንደሆነ ልሞክር ነው።

ሰኔ 13

ሽቦ ዘረጋሁ። ቺፑን የሚያዘው አርዱዊኖ ኡኖ የሚባል በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ቦርድ ሲሆን፣ ስምንቱን የዳታ መስመሮች ከ2 እስከ 9 ባሉት እግሮች ላይ አገናኘሁ። 0 እና 1ን ያልነካሁት የዩኤስቢው ግንኙነት በእነሱ ስለሚያልፍ ነው። ቢሲ1 እና ቢዲአይአር የሚባሉትን ሁለቱን የትእዛዝ መስመሮች በ10 እና በ12 ላይ አደረግሁ፤ ቢሲ2 ቀጥታ ወደ 5 ቮልት ገባ፤ ሪሴቱ ከአርዱዊኖው ሪሴት ጋር ተያያዘ።

ክሎኩን በተመለከተ የተለየ ክሪስታል መፈለግ አላስፈለገኝም። የአርዱዊኖው ታይመር 2 የሚባለው ቆጣሪ በ16 ሜጋ ኸርዝ ስለሚሠራ፣ ማነጻጸሪያ ቁጥሩን 3 ሲያደርጉት በ11ኛው እግር ላይ ጥርት ያለ 2 ሜጋ ኸርዝ ይወጣል። የአታሪ ኤስቲ ክሎክም ይኸው 2 ሜጋ ኸርዝ ነበር፤ ለስሌትም ምቹ ነው፤ ለ16 ሲካፈል 125,000 ይሆናልና ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይነሣል።

ሦስቱን የድምፅ መውጫዎች እያንዳንዳቸውን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ መሬት (ወደ ዜሮ ቮልት መስመር) ካወረድሁ በኋላ፣ በሌሎች ሦስት ሬዚስተሮች አንድ ላይ አቀላቅዬ በ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ አንድ አሮጌ የቴፕ አምፕሊፋየር ሰደድሁ። በተከተልሁት ሥዕል ላይ 26ኛው እግር ወደ መሬት እንዲገባ ስለሚታይ እሱንም እንደዚያው አደረግሁ።

ሰኔ 14

ድምፅ ወጣ፤ ግን የተሳሳተ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ 440 ኸርዝ ነበር። 125,000 ለ440 ሲካፈል 284 ይሆናል፤ አንድ ሬጅስተር ከ255 በላይ ስለማይዝ ቁጥሩ ለሁለት ይከፈላል፤ 284 ደግሞ አንድ ጊዜ 256 ሲደመር 28 ስለሆነ በሬጅስተር 0 ላይ 28፣ በሬጅስተር 1 ላይ 1 ጻፍሁ። ቀጥሎ የመቀላቀያው ሬጅስተር፣ 7ኛው፣ 62 ተጻፈበት። ይህ ሬጅስተር ጀማሪን የሚያደናግር ጠባይ አለው፦ በውስጡ 0 ማለት ክፈት፣ 1 ማለት ዝጋ ነው። 62 በሁለትዮሽ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ብቻ 0 ስላለው የመጀመሪያው ድምፅ ተከፍቶ ሌላው ሁሉ ይዘጋል። በመጨረሻ በሬጅስተር 8 ላይ የድምፁን መጠን 15 አደረግሁ፤ ስፒከሩም ጮኸ። ስልኬ ላይ ያለው የመቃኛ አፕሊኬሽን ግን 220 ኸርዝ አሳየ፤ በትክክል ግማሹ፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ።

በትክክል ግማሽ የሆነ ስሕተት ደስ ይላል፤ የሽቦ መላላት ወይም የሬዚስተር ጉድለት ይህን የመሰለ ንጹሕ ስሕተት አይሠራምና። ታይመሩን ብመረምር 2 ሜጋ ኸርዙ አለ። ሒሳቡንም ሁለት ጊዜ ደገምሁት። የቀረው 26ኛው እግር ነበር። በኤዋይ-3-8910 ላይ ይህ እግር ለፋብሪካው መፈተሻ የተተወ ስለሆነ ባዶውን መቀመጥ አለበት። በያማሃው ዋይኤም2149 ላይ ግን ሰል የሚባል መስመር ነው፤ ወደ መሬት ሲገባ ቺፑ የሚመጣለትን ክሎክ በውስጡ ለሁለት ይከፍላል። ሽቦውን ስነቅለው ስልኬ 440 አሳየ። ስለዚህ ሥዕሉ የተሣለው ለያማሃው ነበር፤ በእጄ ያለው ቺፕም፣ ጀርባው ምንም ቢል፣ ያማሃ ሳይሆን አይቀርም።

ጥርጣሬውን በማስረጃ ለመዝጋት አንድ ፈተና አለ። ሬጅስተር 1 የሚጠቀመው አራት ቢት (የሁለትዮሽ አሃዝ) ብቻ ነው። 255 ተጽፎበት ተመልሶ ሲነበብ እውነተኛው ኤዋይ ያልተጠቀመባቸውን ቢቶች 0 አድርጎ 15 ይመልሳል፤ ያማሃው ግን የተጻፈበትን ሁሉ እንዳለ ይመልሳል። አነበብሁ፤ 255 አለኝ። ሁለተኛውም ቺፕ ያው ነው። ሻጩ የድሮውን ጽሑፍ ፍቆ አዲስ አትሞበታል ማለት ነው። አልተከፋሁም፤ ያማሃው የኤንቨሎፑ ደረጃዎች 32 ስለሆኑ ከኤዋይ 16 ደረጃዎች ይለሰልሳል። ሆኖም ሁለቱን ቺፖች ሳይለዩ ሽቦ መዘርጋት ጥፋት ሊያመጣ ይችል ስለነበር ነገሩን በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ሰኔ 19

አምስት ቀን ሙሉ ያስቸገረኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። አንድ ኖታ ብቻ ሲጮህ ሁሉም ሰላም ነበር፤ ኖታዎች በፍጥነት ሲቀያየሩ ግን ቺፑ እንደ ተሰባበረ የሬዲዮ ጣቢያ ቁስ ቁስ ይል ጀመር። በተለይ መቀላቀያውን በነካሁ ቁጥር ከድምፁ ሥር አጭር የሽሽታ ብልጭታ ይሰማል። መጀመሪያ የኃይል አቅርቦቱን ጠርጥሬ በቺፑ የኃይል እግሮች መካከል 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ጨመርሁ፤ ለሌላ ነገር ይጠቅማል እንጂ ለዚህ አልጠቀመም።

ጥፋቱ በፕሮግራሜ ውስጥ ነበር። ለቺፑ አንድ ነገር መጻፍ ሁለት እርምጃ አለው። ቢሲ1 እና ቢዲአይአር ሁለቱም 1 ሲሆኑ ቺፑ በዳታ መስመሩ ላይ ያለውን ቁጥር የሬጅስተር አድራሻ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ 0 ተመልሰው ዳታው ከተዘጋጀ በኋላ ቢዲአይአር ብቻውን 1 ሲሆን ዳታው ወደተያዘው ሬጅስተር ይገባል። እኔ ሁለቱን መስመሮች ወደ 0 የምመልሳቸው የአርዱዊኖውን ተራ ትእዛዝ በመጠቀም አንዱን ካንዱ ቀጥሎ ነበር፤ ይህ ትእዛዝ ደግሞ እያንዳንዱ እግር ላይ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ቢሲ1 ቀድሞ ሲወርድና ቢዲአይአር ገና 1 ላይ ሳለ ቺፑ የሚያየው «ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። በዚያች ቅጽበት በዳታ መስመሩ ላይ ያለው ግን ዳታው ሳይሆን አድራሻው ነው።

ስለዚህ ሬጅስተር 7ን በጠራሁ ቁጥር ራሱ 7 የሚለው ቁጥር ይጻፍበታል። 7 በዚያ ሬጅስተር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ሳሰላ ሳቄ መጣ፦ ሦስቱን ድምፆች ዝጋ፣ ኖይዙን በሦስቱም ክፈት። እውነተኛው ዳታ ተዘጋጅቶ እስኪደርስ ድረስ ሠላሳ ማይክሮ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ የሰማሁት ሽሽታ ይኸው ነበር። ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ቢዲአይአርን ባስቀድም ደግሞ ቺፑ «አንብብ» የሚል ትእዛዝ ስለሚያይ የራሱን ቁጥር ወደ መስመሩ ያወጣል፤ አርዱዊኖውም በዚያው መስመር ላይ እያወጣ ስለሆነ ሁለቱ ይጋፋሉ። እሱ ደግሞ ከሽሽታው የባሰ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን መስመሮች በአንድ ፖርት ላይ አድርጎ በአንድ ትእዛዝ መለወጥ ነው። ቢሲ1ን ወደ ኤ0፣ ቢዲአይአርን ወደ ኤ1 አዛወርሁ፤ ሁለቱም የፖርት ሲ የመጀመሪያ ቢቶች ናቸው። አሁን በፖርቱ ላይ 3 መጻፍ አድራሻ ያዝ፣ 2 መጻፍ ዳታ አስገባ፣ 0 መጻፍ ልቀቅ ማለት ሆነ፤ ሁለቱ መስመሮችም በአንድ የክሎክ ምት አብረው ይለወጣሉ። ቁስ ቁሱ ፈጽሞ ጠፋ።

ሰኔ 23

ዝናብ፤ መብራት የለም። አርዱዊኖውን በፓወር ባንክ ባስነሣውም ፓወር ባንኩ የሚወሰደው ኃይል አነሰብኝ ብሎ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን ያጠፋል። ሥራው ለዛሬ ቆመ።

ሰኔ 27

ወደ ጉዳዩ ዋና ክፍል ገባሁ። ከሱቄ ሁለት በር አልፈው የሚኖሩ ክራር የሚመቱ ሽማግሌ ጎረቤት አሉ፤ ክራራቸውን በትዝታ ቃኝተው እንዲያመጡልኝ ለምኛቸው ነበር፤ ዛሬ ከቡና በኋላ መጡ። አምስቱን አውታሮች እያንዳንዳቸውን ደጋግመው እንዲመቱ አድርጌ በስልኩ ለካኋቸው። ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደሩ 195፣ 218፣ 245፣ 292 እና 325 ኸርዝ ሆኑ። 125,000ን ለእያንዳንዳቸው ሳካፍል ለቺፑ የሚጻፉት ቁጥሮች 641፣ 573፣ 510፣ 428 እና 385 መጡ።

ለማነጻጸር ሌላ አምስት ቁጥር አዘጋጀሁ፤ ከዚያው ከ195 ተነሥቶ የቀሩትን በፒያኖ እርከን የሚያስቀምጥ። በአብዛኛዎቹ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ያለው በከፍተኛው አውታር ላይ ነው፤ ፒያኖው እዚያ ቦታ ላይ 381 ይፈልጋል፤ የጋሼ ክራር ግን 385 ላይ ነው። የግማሽ ድምፅን ርቀት መቶ ቦታ ከፍለን ብናየው ክራሩ ከፒያኖው ወደ 16 ክፍል ይወርዳል። የሁለቱ አውታሮች ንጽጽር፣ 325 ለ195፣ አምስት ለሦስት ነው፤ ጆሮ ያለ መሣሪያ የሚያገኘው ንጹሕ ርቀት ይህ ስለሆነ ጋሼ በዘፈቀደ አላላሉትም።

የትኛው የማን እንደሆነ ሳልነግራቸው አንድ አጭር ሐረግ በሁለቱም አሰማኋቸው። የመጀመሪያውን ሲሰሙ «ይሄ እንኳ ኦርጋን ነው» አሉ። ሁለተኛው ሲጀምር ምንም አላሉም፤ ክራራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ከቺፑ ጋር መምታት ጀመሩ። ከዚያም እጃቸውን ሳያቆሙ «ልጄ፣ ጩኸቱን ትንሽ ቀንስልኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ የቺፑን ወሰን መጻፍ ይገባል። ቁጥሩ ሲያንስ፣ ማለትም ድምፁ ሲቀጥን፣ በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። በ385 አካባቢ አንድ ቁጥር መለወጥ ከግማሽ ድምፅ መቶኛ ወደ 4.5 ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ይህ ለክራር በቂ ነው። በ71 አካባቢ፣ በ1760 ኸርዝ ላይ፣ አንዱ እርምጃ ከ24 ይበልጣል፤ እዚያ ቅኝት የሚባል ነገር አይታሰብም። ስለዚህ ዜማውን በመካከለኛውና በወፍራሙ ክልል አቆየዋለሁ፤ ደግነቱ የክራር ቦታም እዚያው ነው።

ሐምሌ 3

ካሬ ሞገድ እንደበራ የሚቀር ድምፅ ስለሆነ ክራር አይመስልም፤ የተመታ አውታር መሞት አለበት። ኤንቨሎፑን ሞከርሁ። የድምፁ መጠን በሚጻፍበት ሬጅስተር 16 ሲጻፍ መጠኑን የሚወስነው ኤንቨሎፑ ይሆናል፤ በሬጅስተር 13 ላይ 0 ከተጻፈ ደግሞ ድምፁ ከላይ ጀምሮ አንድ ጊዜ ወርዶ ይጠፋል። የመውረጃውን ጊዜ 0.4 ሰከንድ ለማድረግ የሚያስፈልገው ቁጥር 3125 ሲሆን በሬጅስተር 11 ላይ 53፣ በ12 ላይ 12 ሆኖ ይጻፋል። አስገራሚ በሆነ ሁኔታ ክራር መሰለ። ችግሩ ኤንቨሎፑ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ድምፅ ሲመታ የመጀመሪያውም አብሮ እንደ አዲስ ይነሣል።

ሐምሌ 8

ኤንቨሎፑን ከክራሩ ነጠቅሁት፤ ለበገና ሰጠሁት።

በገና በአውታሮቹና በድልድዩ መካከል በሚገቡት ቆዳዎች ምክንያት የሚነዝር ወፍራም ድምፅ አለው። ከካሬ ሞገድ ያን ንዝረት ማውጣት አይቻልም፤ ኤንቨሎፑ ግን በጣም እንዲፈጥን ሲደረግ የመጠን መቆጣጠሪያነቱ ቀርቶ ራሱ ድምፅ ይሆናል። በሬጅስተር 13 ላይ 8 ሲጻፍ እየወረደ ተመልሶ የሚነሣ የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ይደጋገማል። ፍጥነቱ ክሎኩ ለ256 ተካፍሎ በኤንቨሎፑ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 71 ሲጻፍ 110 ኸርዝ ይሆናል። በዚያው ቻናል ላይ ካሬ ሞገዱን በ1136 ብከፍተው፣ 1136 በትክክል የ71 አሥራ ስድስት እጥፍ ስለሆነ፣ ሁለቱ ተቆላልፈው እንደ አንድ ድንጋይ ይቆማሉ። ወደ 1140 ሲገፋ ግን ቀስ ብለው መላቀቅ ይጀምራሉ፤ በየሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ንዝረቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በገናን በቅርብ ተቀምጦ የሰማ ሰው ይህን መተንፈስ ያውቀዋል። ግማሽ ሌሊቱን ቁጥሯን ከ1136 እስከ 1145 ስመላልስ አደርሁ፤ 1140 ላይ ረጋሁ።

አንድ ጥንቃቄ ለማስታወስ ያህል፦ ሬጅስተር 13 በተጻፈበት ቁጥር፣ ያው ቁጥር እንኳ ቢሆን፣ ኤንቨሎፑ እንደ አዲስ ይጀምራል። በሰከንድ 50 ጊዜ ሁሉንም ሬጅስተሮች የሚጽፈው ፕሮግራሜ በገናውን በሰከንድ 50 ጊዜ ያንቀው ነበር። አሁን 13ኛው የሚጻፈው ሲለወጥ ብቻ ነው።

የክራሩ አወራረድ ወደ ፕሮግራሙ ተዛወረ፤ በየሁለት ምቱ (ምት የምለው በሰከንድ 50 ጊዜ ከሚዞረው ፕሮግራም አንዱን ዙር ነው) መጠኑን አንድ ደረጃ ዝቅ አደርጋለሁ። የቺፑ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 3 ዴሲቤል ገደማ ስለሆኑ፣ እኩል እየቀነሱ መሄድ ብቻውን ለጆሮ የተፈጥሮ አወራረድ ይመስላል። ሦስተኛው ድምፅ ከበሮ ሆነ። ለትልቁ ፊት ቁጥሩ በስድስት ምት ውስጥ ከ700 ወደ 1600 ይሮጣል፤ ኖይዙ የሚከፈተው በመጀመሪያው ምት ብቻ ነው፤ እሱም የመዳፉ ጥፊ ነው። ለትንሹ ፊት ከ350 እስከ 600 በሦስት ምት በቃ። ችክችካው በስድስት ሲቆጠር እያንዳንዱ ቁጥር ስድስት ምት ይይዛል።

ሐምሌ 15

ዜማው ረዘመና አርዱዊኖው መሃል ላይ ራሱን ማስነሣት ጀመረ። ሰንጠረዦቹ ሁሉ በ2048 ባይቱ የሥራ ማህደር ውስጥ ተጭነው ነበር፤ ወደ ፕሮግራሙ ማህደር ሳዛውራቸው ተስተካከለ። ሁሉንም ሬጅስተር በየምቱ መዝግቦ ማጫወት ግን እዚያም አያዋጣም፤ 14 ሬጅስተር በሰከንድ 50 ጊዜ 700 ባይት ስለሚሆን 32 ኪሎ ባይቱ ከ47 ሰከንድ በታች ይሞላል። ኖታዎቹን በሐረግ በሐረግ ጽፌ ሐረጎቹን በተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ፤ ትዝታ ደግሞ መደጋገምን ስለሚወድ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋው ዜማ ከ3 ኪሎ ባይት ባነሰ ገባ።

ሐምሌ 19

በምሽት ዝናቡ ጋብ ሲል ከአምፕሊፋየሩ ቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ቀዳሁት። ሲቀዳ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እስኪያልቅ ጠብቀው ገቡና ክራራቸውን ከጨርቁ አወጡ። በአንቺ ሆዬ ቃኝተውት መጥተዋል። «በዚህኛውስ ይችላል?» አሉ። ስልኩን አስጠግቼ ለካሁ፦ 195፣ 209፣ 260፣ 277፣ 326። የቺፑ ቁጥሮች 641፣ 598፣ 481፣ 451፣ 383።